የማረሚያ ቤት ነርሶችን የሥራ ሁኔታ ለመለካት ለተነሣችሁ ልጆቼ

ደሴም ሆነ ወልዲያ ሆናችሁ የመመረቂያ ጥናታችሁን በማረሚያ ቤት ነርሶች ላይ ለመሥራት ማሰባችሁ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ባለሙያዎች ናቸውና። አብሽሩ፣ በርቱ። ግን ለሆስፒታል ነርሶች የተሠራውን መጠይቅ እንዳለ ይዛችሁ እንዳትገቡ።

አማካሪዎቻችሁ መጀመሪያ የሚጠቁሟችሁ አሜሪካዊቷ የነርስ ሙያ ተመራማሪ አይሊን ሌክ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን የነርሶች የሥራ ሁኔታ መለኪያ (PES-NWI) ይሆናል። 31 ጥያቄዎች በ5 ክፍሎች አሉት፦ ነርሶች በተቋሙ ጉዳይ ያላቸው ተሳትፎ፣ የእንክብካቤ ጥራት መሠረቶች፣ የነርስ ኃላፊዎች አመራርና ድጋፍ፣ የሰው ኃይልና የግብዓት በቂነት፣ የነርስና የሐኪም ግንኙነት። መልሱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 4 (በጣም እስማማለሁ) ነው። ጥሩ መለኪያ ነው፤ የተሠራው ግን ለሆስፒታል ስለሆነ ስለ ጥበቃ ፖሊሱ አንድም ጥያቄ የለውም። ማረሚያ ቤት ውስጥ ደግሞ የነርሷን ቀን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ስለዚህ ስድስተኛ ክፍል ጨምሩ። «ታራሚ ስመረምር ፖሊሱ ንግግራችንን በማይሰማበት ቦታ ይቆማል።» «ሪፈር ከጻፍኩ አጃቢና መኪና በዕለቱ ይገኛል።» «የሕክምና ውሳኔዬን የጥበቃ ኃላፊ አይሽርብኝም።» ይህ የመጨረሻው የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ከሚባሉት፣ ከቁጥር 27 ጋር ይሄዳል። የዚህን ክፍል ነጥብ ከ31ዱ ጋር አትደምሩት፤ ከደመራችሁት ሌላ ቦታ ከተገኘ ውጤት ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ትርጉሙን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሥሩት፣ ሦስተኛው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከሚሴ አካባቢ ለሚሠሩት የአፋን ኦሮሞው ቅጂም እንዲሁ ይዘጋጅ። «በቂ ሰውና መድኃኒት አለ» የሚል ጥያቄ ካያችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ ሰው ኖሮ መድኃኒት የሌለባት ነርስ ምን ትመልስ? ሐኪም በማይመጣበት ክሊኒክ ደግሞ «አይመለከተኝም» የሚል ምርጫ ከሌለ ነርሷ «አልስማማም» ትላለች፣ እናንተም ከሐኪሙ ጋር ተጣልታለች ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ከሁሉም የምሰጋው ለምስጢሩ ነው። አምስት ነርስ ባለበት ክሊኒክ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን አንድ ላይ ከጠየቃችሁ ስም ባይጻፍም ማን እንደሆነች ትታወቃለች። ነርሷ የፖሊስ ማዕረግ ካላት ደግሞ ስለ አለቃዋ ክፉ አትጽፍም። ዕድሜን በሰፊ ክልል ጠይቁ፣ የእያንዳንዱን ማረሚያ ቤት ውጤት ለብቻው አታውጡ፣ መጠይቁም በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ወደ እናንተ ይመለስ። የፈቃድ ደብዳቤውን ያመጣላችሁ ኃላፊ መጠይቁን እንዲሰበስብላችሁ አትፍቀዱ፤ እንዲያ ሲሆን መልሱ ሁሉ 3 እና 4 ሆኖ ይመጣል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የየክፍሉን አማካይ አውጡ፤ ከ2.5 በላይ የሆኑት ከአምስቱ አራት ወይም አምስት ከሆኑ ሁኔታው ጥሩ ነው፣ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ድብልቅ፣ ከዚያ ካነሱ መጥፎ ነው። አምስቱ ጥሩ ሆነው የጨመራችሁት ስድስተኛው 2.5 ካልሞላ፣ ሪፖርታችሁን ከእሱ ጀምሩ።