ቤሳ ቤስቲን ሳይኖራችሁ ረጅም ፊልም ልትሠሩ ለተነሣችሁ

ይድረስ ካሜራ ተውሳችሁ፣ ጓደኛ ሰብስባችሁ ረጅም ፊልም ልትሠሩ ለተነሣችሁ ታናናሾቼ። እንደምን ሰነበታችሁ?

የምጽፍላችሁ ከኤዲቲንግ ክፍል ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሌሎች ቀርጸው ያመጡትን በመቁረጥና በመቀጠል ነው። እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የቀረጻውን ውሎም አብሮ ያያል። ማንና ማን እንደተኳረፉ፣ የትኛው ቀን ምሳ እንዳልነበረ፣ ዳይሬክተሩ መቼ እንደሰለቸው ከምስሉ ይነበባል።

በዚህ ሁሉ ዓመት ያየሁት ይህንን ነው። በባዶ ኪስ የተጀመረን ፊልም የሚያስቆመው የሰው መበተን ነው። ገንዘብ እንደሌለማ ከመጀመሪያውም ይታወቃል። አንዱ ሥራ ያገኛል። አንዷ ታገባለች። ዋናው ተዋናይ ቪዛ ይመታለትና ይሄዳል። ሌላው ስልክ ማንሣት ያቆማል። እንዲህ የቀሩ ፊልሞች ሃርድ ዲስክ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ግሩም ግሩም ትዕይንቶች አሉባቸው፤ መጨረሻ ግን የላቸውም። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል። ፊልማችሁን ማለቅ እንዲችል አድርጋችሁ ጀምሩት፤ ሲያልቅም ጓደኝነታችሁ አብሮት እንዳያልቅ።

ከድርሰቱ ልጀምር። ብዙዎቻችን ፊልም ማለት ሁለት ሰዓት ይመስለናል። ዛሬ በዓለም የታወቀው ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «ፎሎዊንግ»ን ለንደን ውስጥ የሠራው ከጓደኞቹ ጋር ነው። ሁሉም በሳምንቱ ቀናት የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው፤ የሚቀርጹት በእረፍት ቀናቸው ነበር። ወጪው 6,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው የሄደው ያኔ ካሜራ ውስጥ ለሚገባው የፊልም ጥቅል ነው። ጥቅሉ እንዳይባክን ትዕይንቶቹን ደጋግመው ይለማመዱና በአንድ ወይም በሁለት ቴክ (ትዕይንቱን አንዴ መቅረጽ አንድ ቴክ ይባላል) ይጨርሱ ነበር። ፊልሙ ርዝመቱ 70 ደቂቃ ገደማ ነው። ማንም «አጠረ» ብሎ አልመለሰውም።

ዛሬ ሚሞሪ ካርድ እየጠፋ ስለሚሞላ አንድን ትዕይንት አሥራ አምስት ጊዜ መቅረጽ ይቀላል። የጓደኛችሁ ቅዳሜ ግን እንደ ካርዱ ጠፍቶ አይሞላም። ልምምዱን በሳምንቱ ውስጥ ማታ ማታ አንድ ሰው ቤት ጨርሱት። ቅዳሜ የቀረጻ ብቻ ይሁን።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሥርዓቱ የተጻፈ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ይሆናል። ሰባ አምስት ገጽ ድርሰት ካላችሁና በቀን አምስት ገጽ ከቀረጻችሁ 15 ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ስምንት ሳምንት ገደማ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ብትጀምሩ ኅዳር ሲያልቅ ትጨርሳላችሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናብም አያሳስብም። ነገር ግን በቀን አምስት ገጽ ለጀማሪ ከባድ ነው። የሚቻለው ተዋናዮቹ ጥቂት፣ ቦታዎቹም ሦስት አራት ሲሆኑ ነው። በአንድ ቀን ከካዛንቺስ ወደ ጀሞ፣ ከጀሞ ወደ አያት የሚዞር ቡድን ቀኑን ታክሲ ውስጥ ነው የሚጨርሰው።

ቦታ ስትመርጡ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለውን እዩ። በተከራየ ቪላ ሳሎን ውስጥ የተቀረጸ ፊልም በቅቶኛል፤ እውነቴን ነው። ሶፋው የማንም አይመስልም፣ ተዋናዩም እንግዳ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የአንዳችሁ አባት ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከሆነ፣ እግሩን ከትቶ የሚሠራበትን ያንን ጉድጓድና የመወርወሪያውን ድምፅ የትኛውም ስቱዲዮ አይሰጣችሁም። አሜሪካ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ኢትዮጵያ መጥቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የተጫወቱለት ሙያተኛ ተዋናዮች አልነበሩም። ገበሬዎች ነበሩ። መሬቱም፣ ፊቱም፣ አረማመዱም እውነተኛ ስለነበር በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚፈለገው ሁሉ ተገኘ።

የቀረጻ ቅደም ተከተላችሁን ስታወጡ «ማን ቀድሞ ሊለየን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዲቪ የሞላ አለ? ዐረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረች አለች? ነፍሰ ጡር አለች? የእነሱን ትዕይንት መጀመሪያ ጨርሱ። ጢሙን ወይም ጸጉሩን የሚቆረጥ ሰው ካለም ከመጨረሻው ቀን በፊት እንደማይነካው ቃል አስገቡት። ኤዲቲንግ ላይ በር ሲገባ ጢማም፣ ሲወጣ የተላጨ ሰው አግኝቼ አውቃለሁ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደማትወዱት ነገር ልምጣ። ተፈራረሙ።

በእኛ አገር ጓደኛን ማስፈረም ነውር ይመስላል። «አታምነኝም እንዴ?» ይባላል። እኔ ግን ሲጣሉ ያየኋቸው ጓደኛሞች የተጣሉት ፊልሙ ሲወድቅ አልነበረም። ገንዘብ መጣ ሲባል ነበር። አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ልግዛው ሲል፣ ወይም ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ተመልካች ሲበዛ፣ ያኔ ካሜራውን ያዋሰው «የኔ ነው» ይላል፣ የጻፈችው «የኔ ነው» ትላለች፣ ስምንት ሳምንት ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ) የያዘው ልጅ ደግሞ ስሙ እንኳ እንዳልተጻፈ ያያል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ፊልሙ የማን ነው? ገቢ ከመጣ ለማን ስንት እጅ ይደርሳል? መጀመሪያ የሚመለሰው የማን ወጪ ነው? አንድ ሰው መሀል ላይ ቢወጣ እስከዚያ የተቀረጸው ምስሉ ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም? በሐሳብ ስንለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ይህንን ጽፋችሁ፣ ሁላችሁም ፈርማችሁ፣ ለየራሳችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ። ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ይሁን። ሼም ይዟችሁ አትለፉት።

ምግብን በተመለከተ አባቶቻችን መልሱን ጨርሰውታል። ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላውንና እንጀራውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ የሌላው ተራ ሲደርስም ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። ያለ ክፍያ የመጣ ሰው ተርቦ መዋል የለበትም። ሽሮ በቂ ነው፣ ፓስታም በቂ ነው፤ ሰዓቱን ይጠብቅ ብቻ። ለሌላ ነገር ሁሉ ገንዘብ ባይኖራችሁ ለምሳ፣ ለትራንስፖርትና ለሃርድ ዲስክ አዋጡ። ጾሙንም አስቡት። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የምትጾም ተዋናይ ካለቻችሁ ክትፎ የምትበላበትን ትዕይንት ከዚያ በፊት ቅረጹት። ረመዳን ከገጠማችሁ ደግሞ የሚጾመው ጓደኛችሁ ለማፍጠሪያው ቤቱ እንዲደርስ ሰዓቱን ቀድማችሁ አስተካክሉ። እንዲህ ያለው አሳቢነት ለሚቀጥለው ቅዳሜ መምጣታቸውን ይወስናል።

ድምፅ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይችላል። የማይሰማ ንግግር ግን አይችልም። አዲስ አበባ ደግሞ ጸጥ የምትል ከተማ አይደለችም። ከአንድ ወገን ቅዳሴ፣ ከሌላው አዛን፣ ከታች የረዳት ጥሪ፣ ከጎን የብየዳ ቤት። ቦታ ስትመርጡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። የምትቀርጹት እሁድ ጠዋት ከሆነ ቦታውን የምታዩትም እሁድ ጠዋት ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሹክሹክታ የምትቀርጹ ከሆነ ዝናብ ሲጥል አትጀምሩት። ማቀዝቀዣውን ንቀሉ፤ ስትጨርሱ ግን መልሳችሁ ሰኩት፣ ቤቱን የሰጧችሁ እናት ሥጋቸው እንዳይበላሽባቸው።

ማይኩ አፍ አጠገብ ይሁን፤ ካሜራው ላይ የተገጠመው ሩቅ ነው። ቡም ከሌላችሁ አንድ ስልክ ከጆሮ ማዳመጫው ጋር የተዋናዩ ኪስ ውስጥ ክተቱና የማዳመጫውን ማይክ ደረቱ ላይ በፕላስተር አጣብቁት። ነጠላ ጥሩ መደበቂያ ነው፣ ጨርቁ ማይኩን እንዳይፈትገው ብቻ ተጠንቀቁ። ቴክ ሲጀምር የትዕይንቱን ቁጥር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ አንዴ አጨብጭቡ። ምስሉንና ድምፁን የማገናኘው በዚያች ጭብጨባ ነው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉም ባሉበት ዝም ብለው 30 ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ቅዱልኝ። በንግግር መካከል የቆረጥኩትን ክፍተት የምሞላው በእሱ ነው። «በኋላ ስቱዲዮ ገብተን እንቀዳዋለን» የሚለውን እርሱት። ተዋናይዋ በር ላይ ቆማ በእውነት ያለቀሰችውን ልቅሶ ከሦስት ወር በኋላ ማይክ ፊት አትደግመውም።

ስለ ካሜራው አጭር ነገር ልበል። ስልክም ይሁን የሠርግ ካሜራ፣ ሁሉንም በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ አድርጉት፤ ሸተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ደግሞ 1/50 ሴኮንድ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ቁጥር ስትቀርጹ የቤት አምፖሉ ምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። ስልኮች በራሳቸው ሲተዉ አብዛኛውን ጊዜ 30 ላይ ናቸው፤ ፍጥነታቸውንም መሀል ላይ ይቀያይራሉ። ያኔ ረጅም ንግግር ላይ ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ፍጥነቱን የሚቆልፍ አፕ ጫኑ። ለውጭ ቀረጻ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለውን ብርሃን ተጠቀሙ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሚሆን ዓይን ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ያን ሰዓት ለምሳና ለቤት ውስጥ ትዕይንት ተዉት።

የተቀረጸውን ማታውኑ ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ ካርዱን አታጥፉ። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች በሁለት የተለያየ ቤት ይደሩ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ይሁን፤ ያ ሰው ዳይሬክተሩ አይሁን፣ እሱ ማታ ላይ ደክሞታል።

ኤዲቲንግንም ለመጨረሻ አታቆዩት። በነጻ የሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ለእናንተ ሥራ ይበቃል። አራተኛው ሳምንት ላይ ከተቀረጸው ሦስት ደቂቃ አቀናብራችሁ ለሁሉም አሳዩ። በየሳምንቱ በጠዋት እየነቁ የሚመጡ ልጆች ድካማቸው ምን እንደሆነ በዓይናቸው ሲያዩ የቀሩትን ሳምንታት በሌላ መንፈስ ይመጣሉ። የጎደለውንም ገና ተዋናዮቹ አገር ውስጥ እያሉ ታገኙታላችሁ።

ሙዚቃን ሳላነሣ ብቀር ልቤ አይቆርጥም። ቻርለስ በርኔት የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር አለ። ሎስ አንጀለስ በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ከኃይሌ ገሪማ ጋር ተምሯል፣ ኃይሌ «ቡሽ ማማ»ን ሲሠራም ካሜራ ይዞለታል። እሱ ራሱ ተማሪ ሳለ «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን ፊልሙን ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ሠራው። ያየው ሁሉ አደነቀው። ግን ፊልሙ ውስጥ የገቡትን ዘፈኖች ፈቃድ ስላላገኘ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየሲኒማ ቤቱ ለሕዝብ ሊታይ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ለዘፈኖቹ ብቻ 150,000 ዶላር ተከፍሏል። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ዩቲዩብም ያልተፈቀደ ዘፈን ሲያገኝ ገቢውን ሊወስድባችሁ ወይም ቪዲዮውን ሊዘጋባችሁ ይችላል። የምትወዱትን የድሮ ዘፈን ተዉትና ክራር የሚመታ፣ ማሲንቆ የሚጫወት ወይም ኪቦርድ ላይ የሚያቀናብር ጓደኛ ፈልጉ። እሱም ወረቀቱ ላይ ይፈርም።

ካለቀ በኋላ ማን ያሳየዋል? ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ መለመን አንዱ መንገድ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራውን «ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች አልፈልግም ሲሉት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው። ጥቁር አሜሪካውያን እየተጠራሩ አዩት፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ ዞረ። እናንተም የሰፈር ወጣት ማዕከል፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የእድር ድንኳን አላችሁ። ነጭ አንሶላና ፕሮጀክተር በቂ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለሠሩት ሰዎችና ቤታቸውን ለሰጧችሁ ቤተሰቦች አሳዩ፣ ያለ ክፍያ። በሚቀጥለው ቀን መግቢያ አስከፍሉ። የተገኘውን ብር ያን ምሽት ሁሉም ባሉበት ቁጠሩ፣ በተስማማችሁበት መሠረት እዚያው ተካፈሉ። የሚቀጥለው ፊልም የማን እንደሚሆንም ሳትበተኑ ተነጋገሩ።