ከሳኦ ፓውሎ ቦነስ አይረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎና በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳኦ ፓውሎን፣ በ2018 ደግሞ ቦነስ አይረስን ከመዳረሻዎቹ ስለጨመረ መስመሩን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ከበረረ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ትኬቴ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ይላል። ለምን?

ስሌትዎ ልክ ነው። ግን የሚሠራው አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ በሙሉ ፍጥነት ለሚበርበት ጊዜ ብቻ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ፣ ደርሶ እስኪቆም ያለው ጊዜ በሙሉ ነው። የሳኦ ፓውሎው ጓሩልዮስ ኤርፖርት በጣም ስለሚበዛበት ለመነሳት ወረፋ ይጠበቃል። ሲወጣና ሲወርድ ደግሞ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል። መንገዱም ካርታ ላይ በማስመሪያ እንደሚሰመረው አይደለም፤ የተወሰኑ የአየር መስመሮችን ይከተላል። አየር መንገዶችም ለመዘግየት ትንሽ ደቂቃ ይጨምራሉ። ስለዚህ ዕቅድ ስታወጡ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ትኬቱን እመኑ።

የሰዓት ልዩነት አላቸው?

እርስ በርስ የላቸውም። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ብራዚል በበጋ ሰዓት ወደፊት መግፋቷን በ2019 ስላቆመች ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። የእጅ ሰዓትዎን በሀገራችን አቆጣጠር የሚሞሉ ከሆነ ጨርሶ አይንኩት! አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ሳኦ ፓውሎም ቦነስ አይረስም ሰዓታቸው 9 ይላል። ለእነሱ ግን ገና ጠዋት ነው።

ከቦነስ አይረስ ወደ ቺሊ ሳንቲያጎ ስሄድ ከመልሱ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። አንዲስ ተራራ ላይ መናወጡም አስፈራኝ።

ርቀቱ 1,140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ አካባቢ ከፍታ ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋዎታል፤ ሲመለሱ ከኋላ ያግዝዎታል። መናወጡም ነፋሱ ከተራሮቹ ጋር ሲላተም የሚመጣ ነው። ከሁሉ ከፍ የሚለው አኮንካጓ 6,961 ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ ከዚያ በላይ ያልፋል። አብራሪዎቹ መስመሩን ያውቁታል። ቀበቶዎን አይፍቱ እንጂ አይስጉ።

ቦነስ አይረስ ደርሼ እዚያው አርጀንቲና ውስጥ ወዳለችው ሜንዶዛ ከተማ በሌላ ትኬት እቀጥላለሁ። ሁለት ሰዓት ይበቃኛል?

መጀመሪያ የኤርፖርቱን ስም ይዩ። ቦነስ አይረስ ሁለት ኤርፖርት አላት። ኤዜይዛ ከመሀል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ኤሮፓርኬ ደግሞ ወንዙ ዳር፣ ከተማው ውስጥ ነው። ብዙ የሀገር ውስጥ በረራ ከኤሮፓርኬ ይነሳል። ኤዜይዛ አርፈው ከኤሮፓርኬ የሚነሱ ከሆነ ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ መቀበል አለ፣ ከዚያ የመኪና መንገድ፣ ከዚያ እንደገና ፍተሻ። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ፣ ትኬቱ ለየብቻ ስለሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው። እኔ ከአምስት ሰዓት በታች አልመክርም። ምሽት ላይ የሚደርሱ ከሆነ እዚያው አድረው ጠዋት ይብረሩ።