ሙድ ሳይዙ ማሳቅ፦ መድረክ ለምትመኙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

መዝፈን፣ መጨፈር፣ ሰው ማሳቅ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ያገኛችሁትን መንገደኛ እያስቆማችሁ ስትቀልዱ አያለሁ። አንዳንዶቻችሁ የእውነት ጎበዞች ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ለንደን ቲያትር ቤቶች ውስጥ፣ ከመድረክ ጀርባ መብራት ስሠራ ነው። ከዚያ ጥግ ሆኖ አዝናኝን ማየት ብዙ ያስተምራል። ዛሬ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ልጽፍላችሁ ነው። ሰር ብሩስ ፎርሳይት ይባላል። እንግሊዝ አገር የኖሩ ዘመዶች ካሏችሁ ጠይቋቸው፤ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ሳያዩት አልቀሩም።

የተወለደው በ1928 ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቤተሰቡ ጋራዥ ነበራቸው። የልጁን ልብ የሰረቀው ግን ሲኒማ ላይ ያየው ጨፋሪ፣ ፍሬድ አስቴር ነበር። ታፕ ዳንስ ካልተማርኩ ብሎ አስቸገረ። ጫማው ሥር ብረት ተለጥፎ፣ እግር ወለሉ ላይ ምት የሚያወጣበት ጭፈራ ነው። በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ፣ ቢልስተን በምትባል ከተማ ቲያትር ሮያል መድረክ ላይ ወጣ። ገና 14 ዓመቱ ነበር። የመድረክ ስሙ «ቦይ ብሩስ፣ ዘ ማይቲ አቶም» ነው፤ «ልጅ ብሩስ፣ ኃያሉ አቶም» እንደማለት። ዘፈነ፣ ጨፈረ፣ አኮርዲዮን ተጫወተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አገር እስኪያውቀው 16 ዓመት ፈጀበት። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

በእነዚያ ዓመታት የሠራው ቫራይቲ የሚባለውን ትርኢት ነው። በየከተማው ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ነበሩ። በአንድ ምሽት ዘፋኝ፣ አክሮባት፣ አስማተኛ፣ ኮሜዲያን፣ ውሻ የሚያስጨፍር ሰው ሳይቀር በየተራ ይወጣል። ብዙ ጊዜ በአንድ ምሽት ሁለቴ ይታያል። አንድ ሳምንት አንድ ከተማ ይሠሩና እሑድ በባቡር ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሰኞ ጠዋት ከአዳራሹ ባንድ ጋር ልምምድ አለ። አዝናኙ ኖታውን ይዞ መጥቶ መድረኩ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። ቀድሞ ያስቀመጠ ቀድሞ ይለማመዳል። ስሙ ፖስተሩ ላይ በትልቁ ተጻፈ በትንሹ፣ ወረፋ ወረፋ ነው። ይህን ሥርዓት በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱም ባንዱ አዝናኙን ከዚያ በፊት ላያውቀው ይችላል። እሱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ፍጥነቱን፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ ከበሮ መቺው መቼ እንደሚመታለት ማስረዳት አለበት። ጠዋት የተኮፈሰባቸው ሰዎች ማታ እንዴት እንደሚያጅቡት መገመት አያቅታችሁም።

ለንደን መሃል ዊንድሚል የሚባል ትንሽ ቲያትርም ነበረ። ፎርሳይት እዚያም ሠርቷል። ወንዶቹ እዚያ የሚሄዱት ዕርቃናቸውን የሚቆሙትን ሴቶች ለማየት ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ንቅንቅ እንዳይሉ ደንብ ያዛል። ትርኢቱ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ፊት ወንበር የያዘ ሰው ተነስቶ ሲወጣ፣ ከኋላ ያሉት ወንበር እየዘለሉ ቦታውን ይሻማሉ። ኮሜዲያኑ ሲወጣ ደግሞ ጋዜጣ ይዘረጋሉ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ጋዜጣ ያነበበ ሰው ፊት ግን የባሰ ነው። ከዚያ ቤት ተርፈው የወጡ ኮሜዲያኖች በኋላ የእንግሊዝን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሞሉት።

ፎርሳይት እንዲህ ባለ ቦታ ምን ያደርግ እንደነበር ከኋለኛው ሥራው መገመት ይቻላል። ቀልዱ አልይዝ ሲል ይዘፍናል። ዘፈኑ ካልሞቀ ፒያኖ ላይ ይቀመጣል፣ ካልሆነም ይጨፍራል። መውጫ በር ሁልጊዜ አለው። አንድ ነገር ብቻ የሚችል አዝናኝ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ይነካል። ወፍራሙን፣ መላጣውን፣ ቋንቋ ያቃተውን ይፈልጋል። ሳቅ ያገኛል፣ ግን የሰው ሳቅ ተበድሮ ነው።

በ1958 ቫራይቲ እየሞተ ነበር። ቴሌቪዥን ሰዉን ቤቱ አስቀረው፤ ቲያትር ቤቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። በዚያው ዓመት ቴሌቪዥን ፎርሳይትን ጠራው። እሑድ ማታ ከለንደን ፓላዲየም በቀጥታ የሚተላለፍ ትልቅ ዝግጅት ነበር፤ የእሱ መድረክ መሪ ሆነ። ዕድሜው 30 ነው። በዝግጅቱ መሃል «ቢት ዘ ክሎክ» የሚባል ጨዋታ አለ። ከተመልካቹ ባልና ሚስት ይወጡና ሰዓት እየሮጠባቸው ከኳስና ከፊኛ ጋር ይታገላሉ። ዕቃው ይወድቃል፣ ሰዉ ደንቡን ይረሳል፣ ይህ ሁሉ በቀጥታ ስርጭት ነው። ነገሩ ሲመሰቃቀልበት ፎርሳይት «እዚህ አዛዡ እኔ ነኝ!» ይል ነበር፤ አባባሏ አገር ምድሩን አዳረሰች። አዛዥ ነኝ የሚለው ሁሉም ነገር ከእጁ ሲያመልጥ ነው። ሳቁ የሚመጣው በራሱ ላይ እንጂ በባልና ሚስቱ ላይ አይደለም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

በ1961 የተዋናዮች ማኅበር አድማ መታ። እንግዶች መድረክ ላይ መውጣት አልቻሉም። ፎርሳይትና ኮሜዲያኑ ኖርማን ዊዝደም ሁለት ብቻቸውን የፓላዲየምን ሙሉ ዝግጅት ተሸከሙት። ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ድራማው የእነሱ ብቻ ነበር። ያ ምሽት እስከ ዛሬ ይወራል። እንዲህ ያለ ምሽት ማንም ሰው ላይ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ያኔ ልለማመድ ቢሉ ጊዜ የለም።

በ1964 ደግሞ ለንደን ካምብሪጅ ቲያትር ውስጥ «ሊትል ሚ» በሚባል ሙዚቃዊ ኮሜዲ ሰባት ገጸ ባሕርያትን ብቻውን ተጫወተ። ከመድረክ ጀርባ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ሥራ አልባሾች ጨለማው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ተዋናዩ ሲገባ አንዷ ጃኬቱን ታወልቃለች፣ ሌላዋ ጫማውን ታቀብላለች። እሱ እንኳን ለማውራት ለመተንፈስም ጊዜ የለውም። ተመልሶ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው፤ አረማመዱም ድምፁም ተቀይሯል። ሰባት ሰው መሆን የቻለ ተዋናይ ከሰባቱ ጀርባ የቆሙትን እጆች ማክበር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1971 ቢቢሲ ላይ «ጄኔሬሽን ጌም» ጀመረ። ሐሳቡ ከሆላንድ የተወሰደ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሁለት ሰው ይመጣል፤ አባትና ልጅ፣ አክስትና የወንድም ልጅ። ባለሙያ ይጠራል፣ ለምሳሌ ሸክላ ሠሪ። ባለሙያው ጭቃውን በሚሽከረከረው ክብ መሥሪያ ላይ አድርጎ በአፍታ የሚያምር ማሰሮ ያወጣል። ከዚያ «በሉ እናንተ ሞክሩ» ይባላሉ። ጭቃው ይዘነብላል፣ ይበርራል፣ ቀሚስ ላይ ያርፋል። እናት ልጇን ትቆጣለች። መጨረሻ ላይ አሸናፊው ይቀመጥና ሽልማቶቹ ኤርፖርት ሻንጣ እንደሚያመጣው ባለ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሆነው በፊቱ ያልፋሉ። ያስታወሰውን ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከጠራ ይወስደዋል። ከሽልማቶቹ መሃል የልጅ አሻንጉሊት አትጠፋም፤ ተመልካቹ እሷን በጉጉት ይጠብቃት ነበር። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየባቸው ምሽቶች አሉ።

እዚያ ቦታ ላይ ሰውን ማዋረድ እጅግ ቀላል ነበር። ሰዉ ካሜራ አይቶ አያውቅም፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ጭቃ ነው። ፎርሳይት ይቀልድባቸው ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን ቀልዱን ሲወረውር ክንዳቸውን ያዝ ያደርጋቸዋል። ተስፋ የቆረጠ ፊቱን ለካሜራው ያሳይና ወዲያው ወደ እነሱ ይመለሳል። ተጫዋቹ ከተሳካለት ወደ ተመልካቹ ዞሮ «ጎበዝ አልነበረም?» ብሎ ጭብጨባውን ያስረክበዋል። ሰዎቹ ቤታቸው ሲገቡ መሳቂያ ሆንኩ ብለው አላለቀሱም፤ ለጎረቤት አወሩ።

እኔ ይህን የደግነት ብቻ ውጤት አድርጌ አላየውም። የእነዚያ 16 ዓመታት ፍሬ ነው። ሁሉ ቢበላሽ ዘፍኖ፣ ጨፍሮ፣ ፒያኖ መትቶ እንደሚወጣ ያውቃል። ስለዚህ ከዚያች ከፈራች ሴትዮ ላይ ምንም መቀማት አያስፈልገውም። ሙያ ያለው ሰው ለሌላው ቦታ መልቀቅ አይከብደውም።

ለዚህ ነው መንገድ ላይ ሰው አስቁማችሁ ሙድ ስትይዙ የምቆረቆረው። ሊስትሮው፣ ዘበኛዋ፣ ገበያ የመጡት እናት እሺ ብለው የቆሙላችሁ በትሕትና ነው። ቪዲዮው መቶ ሺህ ሰው ጋ ሲደርስ እናንተ ላይክ ታገኛላችሁ፤ እሳቸው ሰፈር መግባት ያፍራሉ። እባካችሁ ይህን ተዉት። ከመልቀቃችሁ በፊት ቪዲዮውን ለሰውዬው አሳዩት። ካልሳቀ አጥፉት።

ፎርሳይትም ሁሌ አልተሳካለትም። በ1978 ቢቢሲን ትቶ ወደ ሌላው ጣቢያ ሄደ። ቅዳሜ ማታ የሚቀርብ ትልቅ ዝግጅት ተሰጠው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደቀ። በ1980 በካርታ ጨዋታ ዝግጅት ተመለሰ። ዕድሜው ሰባዎቹ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አበቃለት የተባለበት ጊዜ ነበር። በ2003 አንድ የፖለቲካ ቀልድ ዝግጅት ላይ ለአንድ ምሽት አቅራቢ ሆኖ ቀረበና አዲስ ትውልድ አወቀው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ76 ዓመቱ፣ «ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ» የሚባለውን የዳንስ ውድድር መምራት ጀመረ። በ2011 የክብር ማዕረግ ተሰጥቶት ሰር ተባለ። በ85 ዓመቱ ግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዘፈነ። በ2017 በ89 ዓመቱ አረፈ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከቻላችሁ ሁለተኛ ሙያ ጀምሩ፤ ክራር ይሁን ኪቦርድ ወይም እስክስታ ግድ የለም። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ የጄኔሬሽን ጌም ቅንጭብ ፈልጉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። የፎርሳይትን እጅ ብቻ ተከታተሉ፤ መቼ ክንድ እንደሚይዝ፣ መቼ እንደሚለቅ፣ ጭብጨባው ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ የት እንደሚሄድ። ቀጥሎ የራሳችሁን የመጨረሻ ቪዲዮ ክፈቱና እሱንም ያለ ድምፅ እዩት።