በእህታችን ስም የምርምር ድጋፍ ማቋቋም እንፈልጋለን

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። በሰብል በሽታ ላይ ትመራመር ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ኑዛዜ የላትም፤ ባሏና የ6 ዓመት ወንድ ልጇ አሉ። እኛ እህትና ወንድሞቿ 2 ሚሊዮን ብር አዋጥተናል። በስሟ በየዓመቱ የአንዲት የማስተርስ ተማሪ የምርምር ወጪ እንሸፍን ብለናል። ባሏም «ኮንዶሚኒየማችን ይሸጥና የእሷን ድርሻ እንጨምርበት» ይላል። እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ ነፍሷን ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

ከቤቱ ልጀምር፤ የምፈራው እሱን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ቀዳሚ ወራሽ ልጅ ነው። ባል ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ያገኛል እንጂ ሚስቱን በሕግ አይወርስም። ስለዚህ «የእሷ ድርሻ» የምትሉት የልጁ ነው። አባትየው ሞግዚት ቢሆንም የልጁን ሀብት ለሌላ በስጦታ መስጠት አይችልም፤ ለበጎ ሥራም ቢሆን። የራሱን ግማሽ ሸጦ ገንዘቡን መስጠት ግን መብቱ ነው። እባክዎ ይህን ለባለቤቷ ቀስ ብለው ያስረዱት። ከልቡ አስቦ ነው ያለው።

ወደ 2 ሚሊዮኑ ስንመጣ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት፣ ማለትም ለበጎ ዓላማ ብቻ የተመደበ ሀብት፣ ማስመዝገብ ይቻላል። ራሱን የቻለ ድርጅት ይሆናል። ግን አስተዳዳሪ ይፈልጋል፣ ሪፖርት አለው፣ የአስተዳደር ወጪውም ከገቢው 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ለአንዲት ተማሪ ይህን ሁሉ መሸከም አልመክርም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ግዴታ ያለበት የስጦታ ውል፣ ማለትም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተቀባዩን የሚያስር ውል፣ በጽሑፍ ብትፈርሙ ይበቃችኋል። ገንዘቡ በማንም የግል ሒሳብ አይቀመጥ፤ በወንድማችሁም ስም ቢሆን። ነገ እሱ ቢሞት ከውርስ ሀብቱ ጋር ይደባለቃል።

ውሉ ውስጥ ሒሳቡን በደንብ አስቡት። 2 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ ቢታሰብ በዓመት 140 ሺህ ብር ያመጣል። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ይህ ብር ከዓመታት በኋላ የላብራቶሪ ኬሚካል እንኳ ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ «በየዓመቱ ይህን ያህል ብር» ብላችሁ አትጻፉ። ከወለዱ የተወሰነው እጅ ወደ ዋናው ይመለስ በሉ። ወይም ዋናውንም ጭምር በ10 ዓመት ለመጨረስ ወስኑ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስሟ ለዘላለም እንዲጠራ መፈለጋችሁ ይገባኛል፤ ግን ሥራዋን በትክክል የሚቀጥሉ አሥር ሴት ተመራማሪዎች ቢወጡ ይሻላል።

ተማሪዋን ማን እንደሚመርጥም ጻፉ። መምህራኑ ይምረጡ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በታዛቢነት ይቀመጥ። ከዘመድ የሚመጣን «የእኛን ልጅ አስገቡልን» የሚል ልመና ይህ ያስቀርላችኋል። የትምህርት ክፍሉ ቢዘጋ ወይም ከሌላ ጋር ቢቀላቀል ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አንድ አንቀጽ ይኑረው። ይህ ሲረሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ የሚፈርመው ሰው ሥልጣን እንዳለው በደብዳቤ አረጋግጡ። የክፍል ኃላፊ ፊርማ ብቻ አይበቃም።