በሽቦ እንዳትፈትጊያቸው

እህቴ፣ "ከቄራ የላምና የፍየል መንጋጋ ሰብስቤያለሁ፤ በጥርሳቸው ምን ይበሉ እንደነበር ለመለየት እንዴት ላጽዳቸው?" ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ እዚሁ ባሕር ዳር ይህንኑ ሠርቻለሁ።

1ኛ፦ ሽቦ አታስጠጊ። አርባ መንጋጋ ቀቅዬ፣ ሥጋውን ልጬ፣ ነጭ እስኪሆኑ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በአሸዋ ፈተግኳቸው። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳያቸው የፍየሉም የበሬውም ያው ጭረት በጭረት! ሣር የሚግጥ እንስሳ ጥርሱ ላይ ቀጫጭን ጭረት ይበዛል፤ ሣሩ ውስጥ ያለው ሲሊካ (እንደ አሸዋ ጠንካራ የሆነ ማዕድን) እና አብሮት የሚገባው አፈር ይቧጭረዋል። ቅጠል የሚቀነጥበው ላይ ግን ጭረቱ ያንሳል፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ያሉ ጉድጓዶች ያመዝናሉ። ፍየሎቼን ሣር በል ያስመሰላቸው የእኔው ሽቦ ነበር። አራት ወር ሙሉ የለፋሁበት ገደል ገባ። አማካሪዬ "ታውቃለህ ብዬ ነው" አለኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሁለተኛው ዙር ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጠብኩ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኩ። ጥርስ ሐኪሞች ልኬት በሚወስዱበት ሲሊኮን ቅርጹን አነሳሁና ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) አፈሰስኩበት። ያኔ የፍየሏ ጉድጓዶች ቁልጭ ብለው ታዩ፤ በደስታ ጮህኩ!

2ኛ፦ የፈተግሽው ካለም አትጣይው፤ እኔ ጥዬ ተጸጽቻለሁ። ፎርቴሊየስና ሶሉኒያስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ የሚያየው የጥርሱን ጫፍ ቅርጽ ነው፣ ለዚያ ዓይንሽ ይበቃል። ከላይኛው መንጋጋ ከኋለኞቹ ሦስት ጥርሶች መካከለኛውን ከጎን እዪው፤ ቅጠል በል ከሆነ ጫፉ ረጅምና ስል ነው፣ ሣር በል ከሆነ አጭርና ዱልዱም። ጥጃና በጣም ያረጀ አታስገቢ። ይህ ቅርጽ የወራትና የዓመታት አመጋገብን ያሳያል። ጥቃቅኑ ጭረት ግን በቀናትና በሳምንታት ይታደሳል፤ ስለዚህ ነጋዴውን ከመታረዱ በፊት ምን እንዳበላው ጠይቂ። ከፎገራ የመጣ በሬ የሩዝ ገለባ በልቶ ሊሆን ይችላል፣ ሩዝ ደግሞ ሲሊካው ብዙ ነው። ከተማ ውስጥ አተላ ሲጠጣ የከረመው ሌላ ነው።

የጉማሬ ጥርስም አምሮኝ ነበር፤ ጣና ዳር ማታ ማታ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆን ነበር። ፈቃድ ልጠይቅ የገባሁበት ቢሮ ኃላፊ ግን ወረቀቴን ሳያነብ "ሥራ ፈት" ብሎ ወደ ጎን ገፋው። ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። አንቺ እዚያ ጊዜሽን አታጥፊ።

መንጋጋዎቹን ገና ካልነካሻቸው ዛሬ ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊና ተያቸው። የመጡበትን ቦታ በእርሳስ ጽፈሽ በየባልዲው ላይ ለጥፊ።