የዓለም ባንክ ብር የት ይገባል? ለተነሣው ጥያቄ

«ዓለም ባንክ ይህን ያህል መቶ ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ ይባላል፤ እኛ ወረዳ ግን ምንም አናይም። ብሩ የት ይገባል? ብድር ነው ወይስ እርዳታ? ባንኩስ መንግሥትን ያዛል?» ብሎ ለጠየቀው ወንድማችን የማውቀውን ልበል። በባንኩ ገንዘብ በሚሠሩ የመንገድና የከተማ ፕሮጀክቶች ላይ የግዥ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ።

የባንኩ ቦርድ አጸደቀ በተባለ ማግስት ብር አይመጣም። ስምምነቱ ይፈረማል፤ ብድር ከሆነ ፓርላማ በአዋጅ ያጸድቀዋል። ከዚያ በኋላም ብዙውን ጊዜ ሥራው እየታየ፣ በዓመታት ውስጥ ነው የሚለቀቀው። ዜና ላይ የሰማኸውን ቁጥር ለብዙ ዓመትና ለብዙ ወረዳ አካፍለው።

ብድርም እርዳታም ነው። ለእኛ ዓይነት አገር የሚሰጠው የባንኩ ክንፍ አይዳ ይባላል። ብድሩ ወለዱ ትንሽ፣ መክፈያው ረጅም ነው። የዕዳ ጫና ሲከፋ ስጦታው ይበዛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ሰሞን ከጸደቀው 1.5 ቢሊዮን ዶላር 1 ቢሊዮኑ ስጦታ ነበር፤ የቀረው ብድር።

አሁን ሁላችንንም ወደሚያማርረው፣ ወደ መዘግየቱ። ትልልቅ ግዥ ላይ ከጨረታ ሰነዱ ጀምሮ በየደረጃው የባንኩ ይሁንታ ይጠየቃል፤ ቢሮ ውስጥ «ኖ ኦብጀክሽን» የምንለው። «ኖ ኦብጀክሽኑ መጣ?» የሚለው የጠዋት ሰላምታችን ነበር። የግምገማ ሪፖርት ላይ አንዲት ድምር ካልገጠመች ተመልሶ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ውስጥ ግማሹ ወረቀት ለማብዛት ብቻ ነው።

ካሳው ላይ ያለውን መዘግየት ግን እኔ አልቃወምም። አንድ ከተማ ውስጥ መንገዱ በሚያልፍበት ቦታ አንዲት ሴትዮ ላስቲክ ወጥረው ቡና ይሸጡ ነበር። ካርታ የላቸውም። አስተዳደሩ «ሕገወጥ ናቸው፣ ይነሡ» አለ። በባንኩ ደንብ ደግሞ መሬቱ የእሳቸው ባይሆንም የሠሩት ነገር ይገመታል፤ ገቢያቸው ሲቋረጥም ይታሰባል። አጠናው፣ ቆርቆሮው፣ የጭቃ መደቡ ሳይቀር ተቆጠረ። ኮንትራክተሩ ግሬደሩን አቁሞ ይነጫነጫል፤ አለቆች በየሰዓቱ ይደውላሉ። ሴትዮዋ ብሩን ሳይቀበሉ ንቅንቅ አላሉም። በራሳችን በጀት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት ይፈርስባቸው ነበር፤ ስንቱን አይተናል!

ያዛል ወይ ለሚለው፣ ግንኙነቱ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። ባንኩ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ ያበደረው ለኢትዮጵያ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ደግሞ እሱና ሌሎች ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚሰጡትን ድጋፍ አቆሙ። ያኔ በረታ ትላለህ። ግን የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ ይቋረጥ ማለት ለእነሱም ከባድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለመሠረታዊ አገልግሎቶች በሚል ፕሮግራም ገንዘቡ ለወረዳዎች እንዲደርስ ተደረገ። መንግሥት ገንዘቡን ይፈልገዋል፤ ባንኩም ማበደር ሥራው ነው፤ አበዳሪ ሆኖ ትልቅ ደንበኛውን ማጣት አይፈልግም። ሕዳሴ ግድብን የመሰለው ደግሞ ያለ እሱ ብድር፣ በአገር ውስጥ ገንዘብና በሕዝብ ቦንድ ተሠራ። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ኪስህ ከፈቀደ።

የወረዳህን ነገር ለማጣራት ከፈለግህ የባንኩ ድረ ገጽ ላይ የፕሮጀክቶቹ ሰነድ አለ፤ እንግሊዝኛው ቢያደክምም የገንዘብ ክፍፍሉን ሠንጠረዥ ብቻ እይ። ከዚያ ወረዳችሁ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ዘንድሮ ስንት እንደደረሳቸው ጠይቅ። ፕሮጀክቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል። የለም ካሉህ ጥያቄህን በጽሑፍ አስገባና ቀሪው ላይ ማኅተም አስደርግበት።