የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሲመረጥ ምን ይጠየቅ?

ጥያቄ፦ በክለብ ብዙ ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ አመልክቶ እያለ አንዳንድ ፌዴሬሽኖች ከታዳጊ ቡድን አሰልጣኝነት ያደገውን ይመርጣሉ። የተሻለውን ትቶ ያነሰውን መያዝ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ዋንጫው የመጣው ተጫዋቾችን በየቀኑ እያገኙ በማሠራት ነው፤ ብሔራዊ ቡድን ላይ ያ ዕድል የለም። መደበኛው የፊፋ መስኮት (ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ለብሔራዊ ቡድን የሚለቁበት ጊዜ) ከሰኞ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ሁለት ጨዋታ ይደረግበታል። እሑድ ለክለቡ የተሰለፈ ተጫዋች ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ ይደርስና ሰውነቱን ከማፍታታት ያለፈ አይሠራም። የመጀመሪያው ጨዋታ ዓርብ ከሆነ ቡድኑ ተሟልቶ በሙሉ ኃይል የሚሠራው ረቡዕ ብቻ ነው። ሐሙስ ዋዜማ ስለሆነ ልምምዱ ቀለል ይላል። በክለብ ወራት የሚወስድ አጨዋወት በአንድ ተኩል ልምምድ አይሰርጽም።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ የቀረበውን አሰልጣኝ «የእግር ኳስ ፍልስፍናዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ሁሉም ያማረ መልስ ይዞ ይመጣል። ይልቅ ወረቀት ሰጥቶ «የረቡዕን 75 ደቂቃ በዝርዝር ይጻፉልን» ማለት ይሻላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወደ 20 ደቂቃ ለማሟሟቂያና ለቅብብል፣ 30 ደቂቃ ያህል ቡድኑ ኳስ ሲያጣ ለሚይዘው ቅርፅ፣ የቀረውን ለቆሙ ኳሶች፣ ማለትም ለማዕዘንና ለቅጣት ምቶች፣ ይመድባል። የማዕዘን ምት ሲመታብን ማን የቅርቡን የጎል ቋሚ ይይዛል፣ ማን ማንን ይከታተላል የሚለውን በስም ይጽፋል። የቪዲዮውን ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ያደርገዋል፤ ከ15 ደቂቃም አያሳልፈውም። ስድስት ዓይነት ልምምድና ተጋጣሚን በሜዳው ሁሉ መጫንን የጻፈ ሰው ግን አሁንም የሚያስበው እንደ ክለብ አሰልጣኝ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የተጫዋቾች ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ስም በቅደም ተከተል ያስቀምጥ። ለግራ ተከላካይ ሦስተኛ ስም ያጣ አመልካች ተጫዋቾቻችንን ገና አላያቸውም ማለት ነው። የታዳጊ አሰልጣኞች ትልቁ ብልጫም ይኸው ነው። ሉዊስ ዴ ላ ፉዌንቴ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከ19 ዓመት በታች፣ በ2019 ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን ከስፔን ጋር ወስደዋል። ዋናውን ቡድን ከኳታሩ የዓለም ዋንጫ በኋላ ሲረከቡ ብዙዎቹን ተጫዋቾች ከልጅነታቸው ያውቋቸው ነበር፤ በ2023 የአውሮፓ ኔሽንስ ሊግን፣ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫን አሸነፉ። ይህ ማለት ግን ታዳጊ ያሠለጠነ ሁሉ ይቀጠር ማለት አይደለም። የ34 ዓመት አምበልን ተጠባባቂ ሲያደርግ እንዴት እንደሚነግረው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የአገር ልጅ ይሻላል ወይስ የውጭ?

መልስ፦ ከ1930 እስከ 2022 የወንዶች የዓለም ዋንጫን ያነሱት አሰልጣኞች ሁሉም የየአገራቸው ዜጎች ናቸው። ይሁንና ዋንጫውን የሚወስዱት አገሮች ራሳቸው አሰልጣኝ በብዛት የሚያፈሩ ስለሆኑ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። በአፍሪካ ዋንጫ ፈረንሳዊው ኤርቬ ሬናር በ2012 ከዛምቢያ፣ በ2015 ከኮትዲቯር ጋር አሸንፈዋል። የውጭ አሰልጣኝ ከተመረጠ ወሳኙ ጉዳይ የሚኖርበት ቦታ ነው። ለጨዋታ ብቻ እየመጣ የሚመለስ ከሆነ የአገር ውስጥ ሊጉን አያይም፤ ጥሪውም ውጭ በሚጫወቱት ላይ ብቻ ይንጠለጠላል።

ጥያቄ፦ ፌዴሬሽኖች አሰልጣኝ አባረው ለዓመታት ካሳ ሲከፍሉ እንሰማለን። ውሉ ላይ ምን ጎደለ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ግቡ የሚለካ አይደለም። «ቡድኑን ማሻሻል» ተብሎ የተጻፈ ውል ለማሰናበት መነሻ አይሆንም፤ «ለዚህ ውድድር ማለፍ፣ ካላለፈ ውሉ ያለ ካሳ ያበቃል» ተብሎ ይጻፍ። የውሉም ማብቂያ በማጣሪያው ማብቂያ ይለካ እንጂ በደፈናው አራት ዓመት አይባል። ሁለተኛ፣ የስንብት ካሳው አስቀድሞ አልተቆረጠም። የሦስት ወር ደመወዝ ተብሎ ካልተጻፈ የቀረው ዘመን ሙሉ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። የውጭ ዜጋ ከሆነ ክርክሩ ፊፋ ዘንድ ይደርሳል፤ የተፈረደበትን ያልከፈለ ፌዴሬሽንም ከፊፋ የሚያገኘው የልማት ገንዘብ ሊታገድበት ይችላል። ሦስተኛ፣ የምክትሎቹ፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙና የቪዲዮ ተንታኙ ውል ከዋናው ጋር አልተያያዘም። ዋናው ሲሄድ አራት ደመወዝ ፌዴሬሽኑ ላይ ይቀራል።

ከሌላ ቡድን ጋር ስለ መነጋገርም አንድ አንቀጽ ይግባ። በ2018 የዓለም ዋንጫ ስፔን የመጀመሪያ ጨዋታዋን ልታደርግ ሁለት ቀን ሲቀራት ጁለን ሎፔቴጊን አሰናበተች፤ ምክንያቱ ከሪያል ማድሪድ ጋር መስማማታቸው ይፋ መሆኑ ነበር። ቡድኑ በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ዙር በሩሲያ ተሸንፎ ወጣ።

ጥያቄ፦ ጊዜያዊ አሰልጣኝ መሾም ጊዜ ማባከን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ቀኑ ከተወሰነለት። ሊዮኔል ስካሎኒ አርጀንቲናን የያዙት በ2018 በጊዜያዊነት ነበር፤ በ2022 የዓለም ዋንጫን አሸነፉ። ኤመርስ ፋዬም በ2024 መጀመሪያ ኮትዲቯርን በውድድሩ መሐል ተረክበው የአፍሪካ ዋንጫን አነሱ። ሁለት መስኮት፣ ማለትም አራት ጨዋታ ይሰጠው፤ ቋሚ ይሁን ወይስ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለስ የሚለው ከቀጣዩ ማጣሪያ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይወሰን። ከ2026 ጀምሮ የመስከረምና የጥቅምት (ሴፕቴምበርና ኦክቶበር) መስኮቶች ተዋሕደው 16 ቀንና አራት ጨዋታ ያለው አንድ ረጅም መስኮት ስለሆኑ አዲስ ሰው ለመሞከር ከሌሎቹ መስኮቶች ሁሉ የሚመቸው ይኸኛው ነው።